ከመኪናዋ ሥር የጎደለው ጎማ

ላሪ ሳርካ የተገኘው ከመኪናው ሥር በጀርባው እንደተኛ ነው። ከደረቱ በላይ መኪናዋ ተጭናዋለች፤ ከደረቱ በታች ሰማያዊ ቱታውና የሱፍ ካልሲው ይታያል። በቀኝ እጁ የፀረ ዝገት ሰም የሚቀባበትን ብሩሽ እንደጨበጠ ነበር። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ተፈትተው ግድግዳው ሥር ተደርበዋል፤ ክሪኩ እስከ መጨረሻው ወርዷል፤ ቀይዋ ባለሁለት በር የስፖርት መኪናም አፍንጫዋን ሲሚንቶው ላይ ደፍታለች።

እኛ ሰሜኖች እንዲህ ያለችውን መኪና በረዶ አናስነካትም። መንገዱ ጨው ሲረጭበት ትገባለች፣ በረዶው ሲቀልጥ ትወጣለች። በመሀል ባለቤቱ እየፈታ፣ እየፋቀ፣ እየቀባ ክረምቱን ይገፋል። ሚስቶቻችን «ጣውንቴ ጋ ሄደ» ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። ላሪም በመከር መጨረሻ ያገለገለች መኪና ገዝቶ፣ ፍሬኗን ሊቀይር፣ ሆዷን ከዝገት ሊያጸዳ፣ በሮቿን ሊያበጅ ብዙ አቅዶ ነበር።

በኮርቴላህቲ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሙቀት ያለው አዳራሽ አንድ ብቻ ነው፣ የድሮው ወተት ማቀነባበሪያ። የአዳራሹ ባለቤት ሳይያ ቶርማላ ናት። ቦታውን የምታከራየው እሷ፣ ክሪኩንም የምታውሰው እሷ። ስለዚህ ሬሳው ሳይነሳ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ክሪኩ አርጅቶ ዘይት እያፈሰሰ በቀስታ ወርዶ ሰው ገደለ ተባለ። ዐቃቤ ሕጉ ሰኞ በቸልተኝነት ሰው መግደል ሊከሳት ተዘጋጀ። ከተፈረደባት አዳራሹም ይዘጋል፣ እሷም ትታሰራለች፤ ከዚያ በላይ ግን በዚህች ትንሽ ከተማ ዕድሜ ልኳን «የላሪ ገዳይ» ተብላ ትኖራለች።

ኢንስፔክተር ኢርሜሊ ቫንስካ አርብ ጠዋት መጣች። አጭር፣ ሰፊ፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት፤ የራሷ መኪና እስከ መስኮቱ ጨውና ጭቃ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ያንን አይተው ገና ከበሩ ናቋት። እሷም ግድ አልሰጣትም።

መጀመሪያ ያናገረችው የሟቹን ሚስት ሚርቫን ነው። ሚርቫ አላለቀሰችም፤ ንዴቷ ዕንባዋን አድርቆት ነበር። ባሏ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ እንደነበር፣ ምሰሶ ላይ በሁለት ቀበቶ ሳይታሰር ወጥቶ እንደማያውቅ፣ በአንድ ነገር ብቻ ተማምኖ ነፍሱን ሰጥቶ እንደማያውቅ ነገረቻት። ሳይያ ካልታሰረች አዳራሹን በገዛ እጇ እንደምታቃጥልም ጨመረችበት።

ኢርሜሊ ይህን ሰማችና ላሪ ከመሞቱ በፊት ስለ መኪናዋ ያወራው ነገር እንዳለ ጠየቀች።

«ረቡዕ ማታ ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም» አለች ሚርቫ። «ሆዷን ሲፍቅ ውሎ ነበር። 'ይቺ መኪና አንድ አይደለችም፣ ሁለት ናት' አለኝ። ምን ማለትህ ነው ስለው፣ 'ነገ ሰውየውን ልጠይቀውና እነግርሻለሁ' አለ። ነገ ባለው ቀን ያው ሞተ።»

ቀጥሎ ሄይሞ ነበር። ከላሪ አጠገብ የራሱን መኪና የሚያሳድር፣ ከሰው ጋር ከተጣላ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ነገሩ የጀመረው ልጁ ሚኢካ መኪናው ለሁለት ተገንጥሎ የሞተ ጊዜ ነው። ልጁ በፍጥነት ነድቶ ነው ተብሎ ጉዳዩ ተዘጋ። ሄይሞም ራሱ «ደደብ ነበር» እያለ ቀበረው።

ኢርሜሊ በክሪክ የተነሳ መኪና የሚደገፍባቸው የአዳራሹ የብረት መቆሚያዎች የት እንደሆኑ ጠየቀችው። ሄይሞ በአገጩ ወደ መኪናው አመለከተ። ሁለቱም ከሱ መኪና ሥር ናቸው።

«ቀድሜ ወሰድኩ፣ ተጠቀምኩ። ጥፋት ነው?» አለ። «አንቺ እስቲ መጀመሪያ የራስሽን መኪና እጠቢ።»

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«የአተር ሾርባ ስበላ። እዚህ አገር ሐሙስ ሐሙስ ሌላ ምን ይበላል? ስመለስ ሞቶ አገኘሁት። ደስ አላለኝም፣ አላዘንኩምም።»

ሦስተኛው የሳይያ አባት ታውኖ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተጋጩ መኪኖችን እየገዛ፣ ላሜራቸውን እየቀጠቀጠና እየቀባ ሲሸጥ የኖረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ለላሪ ያቺን ቀይ መኪና የሸጠው እሱ ነው። ለሚኢካም እንዲሁ። የሽማግሌው ንጽሕና በከተማው የታወቀ ነው፤ መፍቻዎቹን በልክ በልካቸው ይደረድራል፣ ሰው ዕቃ ጥሎ ሲሄድ ካየ እያጉተመተመ ያነሳል። ከአዳራሹ ጀርባ ወፎች ስለሚመግብ ጥሬያቸውን በራሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ቁልፉ ከአንገቱ አይወርድም።

ታውኖ ባርኔጣውን አውልቆ ተነፈሰ። ሐሙስ ዕለት ከልጁ ቢሮ አልፎ ወደ ውስጥ እንዳልገባ ተናገረ። ከዚያ ሳትጠይቀው ጨመረ።

«ክሪኩ አርጅቷል፣ እመቤቴ። ቀይሪው ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ። ልጄ ናት፣ ግን እውነት እውነት ነው።»

ኢርሜሊ ቀና ብላ አየችው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምታለች፤ አባት የራሱን በልጁ ላይ ሲልክክ ካየች ግን ሰንብታለች። 

ሳይያ ከሁሉም ያነሰ ተናገረች። ክሪኩ ጤነኛ እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ አለች። አባቷ ያለውን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ምን እንዳየች ኢርሜሊ ስትጠይቃት፣ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሥር ጎማዎች ሄዶ ቶሎ ተመለሰ።

«ሬሳ ነዋ» አለች። «ሌላ ምን ላይ?»

ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችው ነገር እንዳለ ግልጽ ነበር። ኢርሜሊ አላስጨነቀቻትም። ሁሉንም አስወጥታ ብቻዋን ቀረች።

መኪናዋን በዚያው በተከሰሰው ክሪክ አነሳችና ካፖርቷን ለብሳ ከሥሯ ተጋደመች፤ ማንም ጤነኛ አያደርገውም። ላሪ የቀባው ሰም ቡናማ ነው፣ ይንጠባጠባል። ሲሚንቶው በሙሉ ነጠብጣብ ሆኗል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን፣ ከሹፌሩ በር ትይዩ፣ ጎማ የሚያህል ክብ ንጹሕ ቦታ አለ። ከዚያ ተነስታ ግድግዳው ሥር ወደተደረቡት ጎማዎች ሄደች። የላይኛው ጎማ ፊት ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። የታችኛው ንጹሕ ነው። በመሀላቸው የተቀደደ ካርቶን ተነጥፏል፣ ዳር ዳሩ ላይ የሱፍ አበባ ፍሬ ሥዕል ይታያል። ካርቶኑን በፕላስቲክ ከረጢት ከተተችው። መኪናዋን እንደተነሳች ትታ፣ አዳራሹን አሽጋ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱንም ጠራቻቸው። የውጭው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሚርቫ ከሳይያ ጎን ላለመቆም ግድግዳ ተደግፋለች። ሄይሞ ቶሎ በይ አለ። ኢርሜሊ ሁለቱን ጎማዎች መሀል ወለል ላይ አንከባላ ጥላቸው ነበር፤ መንገድ ዘግተዋል፣ እስቲ አንዳችሁ አንሱልኝ አለች፣ እንደ ዋዛ።

ሄይሞ አንዱን በእግሩ ገፋ አደረገው። ሚርቫ አልተነቃነቀችም። ሳይያ መሬት መሬት እያየች ቀረች። ታውኖ ምላሱን አጮኸ፣ «ዕቃ እንዲህ አይጣልም» ብሎ አጎነበሰ፣ አንዱን ግድግዳው ሥር አስተኛ። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ጋ ሄደ፣ ከአንገቱ ቁልፍ አወጣ፣ ከወፍ ጥሬው ሳጥን ላይ ቁራጭ ካርቶን ቀደደ፣ በጎማው ላይ አነጠፈና ሁለተኛውን ደረበበት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማንም ልብ አላለውም። ሳይያ ግን ዓይኗን ጨፈነች።

ኢርሜሊ መናገር ጀመረች።

«ክሪኩን ትናንት መኪናዋን አሸክሜ ተውኩት። እዩት፣ ጣት ታህል አልወረደም። ስለዚህ ሳይያ አልገደለችውም። ክሪክ በራሱ ካልወረደ ደግሞ ሰው አውርዶታል።»

ሚርቫ ከግድግዳው ተነሳች። ኢርሜሊ በእጇ አቆመቻትና ቀጠለች። ላሪ በአንድ ቀበቶ ምሰሶ የማይወጣ ሰው ነው፤ በአንድ ክሪክ ተማምኖ ከመኪና ሥር አይገባም። የብረት መቆሚያዎቹ ሄይሞ ዘንድ ናቸው። እንዲህ ሲሆን እዚህ አገር ሁሉም የሚያደርገው አንድ ነው፣ የፈታውን ጎማ ከመኪናዋ ሥር ያስተኛል። ክሪኩ ቢከዳ መኪናዋ ጎማው ላይ ታርፋለች፣ ሰውየው ይተርፋል። ላሪም ይህንኑ አድርጓል። ሰሙ ሲንጠባጠብ ጎማው እዚያ ስለነበር ነው ሲሚንቶው ላይ ክብ ንጹሕ ቦታ የቀረው፣ የላይኛው ጎማም ነጠብጣብ ያለበት።

«ብሩሹ እጁ ላይ እያለ የሞተ ሰው ጎማውን አውጥቶ አልደረበውም» አለች። «የደረበው ሌላ ሰው ነው። የክሪኩን ማውረጃ የከፈተውም እሱ። ጎማውን ከጓደኛው ጋር የደረበው፣ ላሪ ያለ መጠባበቂያ ገባ፣ ክሪኩ ገደለው እንዲባል ነው።»

«ማነው?» አለች ሚርቫ።

ኢርሜሊ ከረጢቱን አወጣች። ላሪ ሐሙስ ዕለት ሊጠይቀው የነበረው መኪናዋን የሸጠለትን ሰው እንደሆነ ተናገረች። ከሆዷ ጥቁሩን ቅብ ስትፍቅ ራሷም አይታዋለች፤ መኪናዋ ከወገቧ ተቆርጣ፣ ከሌላ የተሰበረች መኪና ግማሽ ጋር ተበይዳ፣ በስቱኮ የተሸፈነች ናት። ሁለት ናት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ታውኖ አሁን ያነጠፈውን ካርቶን ስባ አወጣችና የሁለቱን ካርቶኖች የተቀደደ ጠርዝ አገጣጠመችው። ልክ ሆነ።

«ከአንድ ሳጥን ነው፣ ሳጥኑም አንገትዎ ላይ ባለው ቁልፍ በሚቆለፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሐሙስ ከቢሮው አላለፍኩም ብለውኝ ነበር። ጎማ በጎማ ላይ ያለ ካርቶን መደረብ አልሆንልዎ አለ፣ ሰው ገድለውም እንኳ። አመል ያወጣል ከመሀል፣ አባት።»

ታውኖ ባርኔጣውን ሁለት እጁ ላይ አዟዟረው። አልካደም። ላሪ ሰኞ ወደ መኪና ምርመራ ጣቢያ እወስዳታለሁ እንዳለው፣ ጎማውን አውጣና መቆሚያ ላስገባልህ ሲለው አምኖት ራሱ ገፍቶ እንዳወጣለት፣ በደረቅ ድምፅ ነገራቸው። ስለ ላሜራ ሥራ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ሄይሞ ወደ ፊት መጣ። ሲያወራ ድምፁ የሱ አይመስልም።

«የሚኢካ መኪናስ?»

 የመለሰችለት ኢርሜሊ ናት። ስብርባሪዋ እስከ ዛሬ በፖሊስ ግቢ በረዶ ለብሳ እንዳለች፣ ትናንት ማምሻውን ሄዳ እንዳየቻት፣ የተገነጠለችውም በብየዳው መስመር ላይ እንደሆነ ነገረችው።

«አምስት ዓመት ሙሉ» አለ ሄይሞ፣ «ልጄን ስሰድበው ነው የኖርኩት።» ሽማግሌውን ይመታዋል ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሱ ግን ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ሚርቫ፣ ማንንም ልታይ ያልፈለገችው ሚርቫ፣ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

 ሳይያ አባቷ ፊት ቆመች።

«ካርቶኑን ሐሙስ ዕለት አይቼዋለሁ፣ አባባ። ሬሳውን ሳላይ በፊት ነው ያየሁት። ዝም ያልኩት አባቴ ራሱ ይናገራል፣ እኔ ላይ አይተወውም ብዬ ነው። አንተ ግን ሄደህ ክሪኩ አርጅቷል አልካቸው።»

«አንቺ ወጣት ነሽ» አለ ታውኖ። «ቢበዛ በገደብ ይለቁሽ ነበር። እኔ ከገባሁ እዚያው ነው የምሞተው።»

«እኔስ እዚህ ምን ሆኜ እንድኖር ነበር?»

ታውኖ ባርኔጣውን ደፋ። ኢርሜሊ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ፤ ሳይያ እሷን የሚያይ መስሏት አንገቷን ቀና አደረገች። እሱ የሚያየው ግን ግድግዳው ሥር ያሉትን ጎማዎች ነበር፣ ካርቶኑ ሲሳብ የላይኛው ተዛንፎ ቀርቷል።

በሩ ተዘጋ። ሳይያ ወደ ጎማዎቹ ሄደች፣ የላይኛውን በሁለት እጇ አንስታ አስተካክላ መለሰችው። ካርቶን አላደረገችበትም።