ጭብጨባ የለመደ ብረት

በዋሻ ከተማ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ተዋናይ በብረት ሲደበደብ ማየት ብርቅ አይደለም። ምድር ስትነድ ከመሬት በታች ገብተው የተረፉት ሰዎች፣ ያ ጊዜ እንዳይረሳ አንድ ተውኔት ለልጆቻቸው አቆዩ፦ መዓት አባትን ይጥላል፤ አባት ይነሣል። መዓትን የሚጫወተው ተማሪ ብረት ነው፤ ከተመልካች ጭብጨባ እየተማረ ትወናውን የሚያሻሽል ሰው መሰል ማሽን። ማጥፊያ የለውም። «የጥንቱ መዓት ማጥፊያ ነበረው እንዴ?» ብለው ነው የሠሩት፤ ብልጦቹ።

ብረቱ በመታ ቁጥር ሕዝቡ ያጨበጭባል። አልሞትንም ማለት ነው።

እናትን የምትጫወተው ትርንጎ ያን ዓመት መድረክ ላይ የጋሽ ይልቃል ጎድን ሲሰበር ሰማች። አባትን ሲጫወቱ ያረጁት ሰው ተንከባለሉ፤ ደማቸው እስከ ፊት ወንበሮች ተረጨ። አዳራሹ አጨበጨበ። ብረቱ ደገመ፤ ትከሻቸውን አወለቀው። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ።

«ጋሼ፣ ተኝተው ይቅሩ» አለች ትርንጎ።

«አባት ካልተነሣ ተውኔቱ አያልቅም» አሉ ጥርስ እየተፉ።

«ሞተው ሊነሡ ነው? ግትር ሽማግሌ።»

ዘላ መሀል ገባች። ክንዷ እንደ ጭራሮ ተሰበረ። ሕዝቡ አሁንም አጨበጨበ፤ ያኔ ነው ያየችው። ብረቱ የሚያየው እሷንና ሽማግሌውን አልነበረም። ፊቱን ወደ አዳራሹ አዙሮ፣ አጥንት እንደሚጠብቅ ውሻ ቆሟል።

እጃችሁን አውርዱ፣ እየቀለባችሁት ነው ብላ ጮኸች። አዲስ ቃለ ተውኔት መስሏቸው አጨበጨቡላት። ብረቱም የሽማግሌውን እግር ረገጠ።

ትርንጎ ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት አሮጊት ዞረች። «እትዬ አስካለ፣ ነጠላዎ ላይ የተረጨውን ይቅመሱት እስቲ። ቀለም ከሆነ ያጨብጭቡ።»

አሮጊቷ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ፊታቸው አመድ መሰለ። የጎረቤታቸውን እጅ ጭምቅ አድርገው ያዙ፤ ያም የጎረቤቱን። ዝምታው ከወንበር ወንበር እየተሻገረ ኋላ ድረስ ደረሰ። ብረቱ ክንዱን አወረደ። የሚሰማው የጋሽ ይልቃል ትንፋሽ ሲርሲርታ ብቻ ሆነ።

እሳቸውም መሬቱን በአንድ እጅ ተደግፈው፣ የተሰበረ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ተነሡ።

ተውኔቱ አለቀ። ብረቱ ግን መጨረሻ የሚባል ነገር አልተማረም።

አዳራሹ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ። የሚያለቅስ አለ፣ የሚተቃቀፍ አለ፤ ሽማግሌው ተርፈዋላ። ከእሳት የተረፈ ሕዝብ ደስታውን የሚገልጥበት ሌላ መንገድ አያውቅም። እትዬ አስካለ ራሳቸው፣ ደሙ ከከንፈራቸው ሳይደርቅ፣ ከሁሉ አስቀድመው አጨበጨቡ።

ብረቱ ቀና ብሎ ክንዱን አነሣ። ትርንጎ ባልተሰበረው እጇ ሽማግሌውን ወደ ኋላዋ ሳበቻቸው።