በቦዩ ዳር የረዘመው ገብስ

መጀመሪያ የተሰማው የዶማ ድምፅ ነበር። ከግራሩ ደን ማዶ ድንጋይ እየመታ ይጮኻል፤ ጥቂት ያርፋል፤ ደግሞ ይጀምራል። ኢንስፔክተር ይታይሽ ከባጃጁ ወርዳ ጭቃውን እየረገጠች ሽቅብ ወጣች። ነገሩን ያየችው ደኑ ሲያልቅ ነው፤ ሁለት ጎረምሶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ መቃብር ይቆፍራሉ።

«ለማን ነው?»

«ለሽመክት ነዋ! ራሱን ላጠፋው።»

«ራሱን አጠፋ ያላችሁ ማን ነው?»

አንደኛው በዶማው እጀታ ወደ ታች አመለከተ። «ጠርሙሱ።»

ይታይሽ ጥርሷን ነከሰች። ሬሳው ሳይመረመር ጉድጓዱ ተጋምሷል።

ሽመክት ገብሱ ዳር ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል። ከራሱ አጠገብ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ወድቋል፤ የፀረ አረም መድኃኒት ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ይታይሽ ነጠላውን ገልጣ የሟቹን አፍ አሸተተች። እዚያ ያለው ሌላ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ነገር። ነጠላውን መልሳ አለበሰችው።

ከለቀስተኛው መካከል ሚስቱ ማናለብሽ ትጮኻለች። «አባ፣ ባሌን እንደ ውሻ ከአጥር ውጭ አይጥሉትም!»

ቄስ ገብረ ማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «ልጄ፣ ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁት።»

«አልገደለም እያልኩ! ያንን መድኃኒት ገና ፍልሰታ ሳይገባ አስደፍቼዋለሁ። ልጄ ውኃ መስሎት ሊጎነጭ ሲል ደረስኩበት። ባሌን አፌ እንዳመጣልኝ ተናግሬው፣ እዚያ ቦይ ውስጥ አስደፋሁት። ባዶውን ከነክዳኑ አጥር ላይ ሰካው።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም አስማረ ራሱን ነቀነቀ። «መቼም ለቅሶ ያስዋሻል። ዛሬ ጠዋት ሙሉውን ጠርሙስ ይዞ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሙሉ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለች ይታይሽ።

«እስከ አንገቱ ነበራ! ክዳኑ ሥር ድረስ።»

«ምን ተስፋ አስቆረጠው ትላለህ?»

«ይችን ማሳ እንደ ሌላው ግራር እናልብሳት፣ ከሰሉ ያኖረናል አልኩት። እሱ ገብስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ይኸው ሞቶ ተገኘ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

ድንጋይ ላይ የተቀመጡት እናታቸው እማማ ሙሉነሽ ቀና አሉ። ማሳው በስማቸው ነው። «ኧረ የለም ልጄ፣ ታርቀዋል! ዛሬ ጠዋት እኮ አስማረ ጠላ በቅል ይዞለት ወረደ። ልጆቼ ታረቁልኝ ብዬ ስሜ ነው የሸኘሁት።»

አስማረ መሬት መሬት አየ።

ይታይሽ ከጣቢያ ሁለት ፖሊሶች በስልክ ልካ፣ አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ መድኃኒት በጠርሙስ እየቀዳ የሚሸጠውን ዋጋዬን አስጠራችው። እስኪመጣ ቦዩን ተከትላ በገብሱ መካከል ወረደች። በቦዩ ራስጌ ያለው እሳት የላሰው ይመስላል። ዝቅ ሲል ቢጫና ቀጫጫ ነው። ቦዩ ሊያልቅ ሲል ግን ገብሱ ከሌላው በስንዝር በልጦ፣ አገዳው ወፍሮ፣ አረንጓዴው ሊጠቁር ደርሶ ቆሟል። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰች፤ ፊቷ በቁጣ ቀላ።

ዋጋዬ በፖሊስ ፒክአፕ ሲደርስ ሁሉንም ቦዩ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ራስጌ ምን አቃጠለው?»

«ውርጭ ነው» አለ አስማረ ፈጠን ብሎ።

«ውርጭ ቦይ ተከትሎ ይወርዳል? አባ፣ እርስዎም ገበሬ ነዎት፤ እንዲህ ያለ ውርጭ አይተዋል?»

«አላየሁም» አሉ ቄሱ። «ያ ታችኛው ደግሞ ፍግ ያገኘ ነው የሚመስል።»

«ፍግ አይደለም። ፖሊስ ሳልሆን ግብርና ኮሌጅ ነበርኩ። ፀረ አረም ሲበዛ ይገድላል። በጣም ሲያንስ ግን አንዳንዱን ተክል ይቀሰቅሰዋል፤ ከጓደኞቹ በላይ ያስረዝመዋል። ራስጌው ላይ ጠርሙሱ ተደፋ፤ ገብሱ ነደደ። መካከሉ ቀጨጨ። እዚህ የደረሰው ውኃ ግን የመድኃኒቱ ርዝራዥ ብቻ ነበረው፤ ገብሱ ተመነደገ። ይህ ደግሞ የሳምንታት ሥራ እንጂ የአንድ ጠዋት አይደለም። ማናለብሽ እውነቷን ነው። አሁን መስቀል ሊደርስ ነው፤ ጠርሙሱ ከፍልሰታ በፊት ጀምሮ ባዶ ነው። ታዲያ ዛሬ እስከ አንገቱ ሞልቶ ያየው ዓይን ምን ዓይነት ዓይን ነው?»

ሁሉም ወደ አስማረ ዞሩ።

«ሌላ ገዝቶ ሞልቶት ይሆናላ!» ብሎ ጮኸ።

«ቢጠጣው አፉ ያንኑ በሸተተ። የሟቹ አፍ የሚሸተው ግን ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ይህ የነቀዝ ክኒን ሽታ ነው። ዋጋዬ! ክኒን ለማን ሸጥክ?»

ዋጋዬ ባርኔጣውን ጨመደደ። «እህቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ የመጣውን ሁሉ...»

«ለማን?»

«ለአስማረ። ባለፈው ቅዳሜ። ጎተራዬን ነቀዝ ፈጀው አለኝ።»

«በመስከረም?» አሉ ቄሱ። «አሁን የማን ጎተራ እህል አለው?»

«ክኒኑን ከጠላው ጋር አጠጣው» አለች ይታይሽ። «ከዚያ ባዶውን ጠርሙስ ከአጥር አንስቶ ከሟቹ ራስጌ ጣለው። ጠላውን ማን እንዳወረደ ሰምታችኋል።»

አስማረ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ለዚች ጭብጥ ገብስ! አገር ሁሉ በግራር ብር ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ እኔ በእሱ ግትርነት ሣር ቤት ልሙት?»

ፖሊሶቹ እጁን የፊጥኝ አስረው ወደ መኪናው ጎተቱት።

ይታይሽ ወደ ቄሱ ዞረች። «ሥርዓቱን አልወቅስም አባ። ጥድፊያዎን ነው።»

ቄሱ መቋሚያቸውን አነሡ። ወደ ጎረምሶቹ ተጣሩ። «ያንን ድፈኑ! ወደ ውስጥ ግቡ፤ ከአባቱ ጎን ቆፍሩ። ፍትሐቱን ራሴ እመራለሁ።»

«አሁን ነው?» አለች ማናለብሽ። «እኔን ሳያምኑ፣ ምሥክሬ ገብስ ከሆነ በኋላ?» ሄዳ ከባሏ ራስጌ ቆመች፤ ንቅንቅም አላለችም።

እማማ ሙሉነሽ ተነሡ። መቀነታቸውን አጠበቁ። አንደኛው ልጃቸው ከመኪናው ውስጥ «እማ!» ብሎ ተጣራ። ሌላኛውን ለቀስተኛው ወደ ደጀ ሰላሙ ሊያነሣው ጎንበስ ብሏል።

«እማማ፣ ወዴት ነው?» አለች ይታይሽ።

«የትኛውን ልከተል?» ብለው አሮጊቷ በሁለቱ መካከል አለፉ። ወደ መኪናውም ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ሳያዩ ቁልቁል ወርደው ግራሩ ውስጥ ገቡ።