የእታበባ ጣቶች

ብርድ በማይጠፋባት በደብረ ብርሃን፣ ትርሲት የምትባል ልጅ ከአክስቷ ከእታበባ ጋር ትኖር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትርሲት ከእታበባ ጉልበት ሥር ቁጭ ትላለች። የእታበባ ጣቶች ፀጉሯ ላይ ይሮጣሉ። ሽር! ሽር! ሽር!

ሹሩባው ሳያልቅ ትርሲትን እንቅልፍ ይወስዳታል። እንዴት ደስ ይል ነበር!

የጥቅምት ብርድ ሲመጣ ግን የእታበባ ጣቶች ነጡ። ቆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ማበጠሪያው ከእጇ አመለጠ። ኳ!

«እታበባ፣ ለጥምቀት እንደ ድሮው ሥሪኝ!»

«ጣቶቼ እምቢ አሉኝ፣ የኔ ዓለም።»

ትርሲት አሰበች። ደረቅ ፀጉር በቅቤ ይለሰልስ የለ? ሮጣ ቅቤ አመጣችና የእታበባን እጆች ቀባቻቸው። በሻሽም ጠቀለለቻቸው።

እታበባ ሳቀች። ድመቷም መጥታ ሻሹን ላሰችው። ላስ! ላስ! ጣቶቹ ግን አልታጠፉም።

ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ የእታበባን እጆች ቀስ አድርጋ ዳሰሰቻቸው።

«ይኼ በሽታ ቆዳን ያደነድናል። ብዙ ሰው አይዘውም» አለች። «ደግሞ አይተላለፍም። ትርሲት፣ እጇን ያዢላት።»

«ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሆናሉ?» አለች ትርሲት።

«እንደ ድሮው ላይሆኑ ይችላሉ። ግን መድኃኒት ይረዳቸዋል። ሙቀት ይወዳሉ። በየቀኑም መንቀሳቀስ አለባቸው።»

ትርሲት አለቀሰች። እታበባም አለቀሰች። ሁለቱንም ድሮ ናፈቃቸው።

ቤት ሲገቡ ትርሲት ወፍራም የሱፍ ካልሲ አመጣች። በእታበባ እጆች ላይ አጠለቀችው።

«ካልሲ እጅ ላይ?» አለች እታበባ።

«ይሞቃል!»

ጠዋት እታበባ መድኃኒቷን ትውጣለች። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን ወደ ፊት ይዘረጋሉ። ጨበጥ! ዘርጋ! ጨበጥ! ዘርጋ!

በማግስቱም፣ በሌላውም ቀን እንደዚሁ። ጨበጥ! ዘርጋ!

የጥምቀት ዋዜማ እታበባ ካልሲዎቹን አወለቀች። «ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ሽር... ሽር... ቀስ... ቀስ...

አንዲት ሹሩባ ተሠራች። ትንሽ ጠመም ብላለች። ትርሲት በመስታወት አየቻትና እታበባን አቀፈቻት።

«ጣቶቼ ደከሙ» አለች እታበባ።

«እንግዲያውስ ተራው የኔ ነው! አንቺ ቁጭ በይ።»

ትርሲት ከኋላዋ ወንበር ላይ ወጣች። ትናንሽ ጣቶቿ የእታበባ ፀጉር ላይ ሄዱ። ሽር! ሽር! ሽር!

ሹሩባው ሳያልቅ እታበባን እንቅልፍ ወሰዳት።

ትርሲት ካልሲዎቹን መልሳ አጠለቀችላት። እሷም አጠገቧ ተኛች።