የእናና በላይነሽ ተራ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ወገዳ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሴቶቹ ቀሚስ ሊለኩ መጥተው የሞተ ሰው ታየ፣ ከገደሉ ስር ድምፅ ተሰማ እያሉ ሲያወሩ «እስኪ እጅሽን ዘርጊ» ብዬ ነው ወሬያቸውን የማስቆመው። ዛሬ ግን እነሱ ሲያወሩ እኔ በሩን በሩን አያለሁ። እንዲህ ያደረገኝ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው፣ አትሳቁ።

እህቴ ይርጋ የምትኖረው ከወገዳ ቁልቁል በሚወረድበት ቆላ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ዝናቡ ጠፍቶ ምንጩ ሁሉ ደርቆ ለሰፈሩ የቀረችው አንዲት የእጅ ፓምፕ ነበረች፣ እሷም እንደ ድሮዋ አትሰጥም፣ ጥቂት ትቀዳና አየር ብቻ ትተፋለች። የውሃ ኮሚቴው ሕግ አወጣ፣ ለአንድ ቤት አንድ ጀሪካን፣ ልብስ ማጠብ ክልክል፣ ጠላ መጥመቅ ክልክል፣ ጌሾ ማጠጣትማ አይታሰብም። ፓምፗ በሰንሰለት ተቆለፈች፣ ቁልፉን ሰብሳቢው አያ ሞላ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት።

ሰው መቼም ሰው ነው፣ አንድ ባልና ሚስት ሁለት ጀሪካን እንዲደርሳቸው «ተፋተናል» ብለው ሽማግሌ ፊት ቆሙ፣ እመኑኝ፣ ሚስትየዋ ሳቋ አምልጧት ነው የተነቃባቸው። ሌላው «ጎረቤቴ ተደብቆ እግሩን ታጠበ» ብሎ ይከሳል። በአንድ ነገር ግን ማንም አይቀልድም፣ በተራ። ጀሪካኖቹ ከዋዜማው ይሰለፋሉ፣ ባለቤቱ ቤቱ ይገባል፣ ጀሪካኑ ስለ እሱ ቆሞ ያድራል፣ የቆመ ጀሪካን ማንቀሳቀስ የሰው ድንበር ከመግፋት አይለይም። የቸገረው ሰው ከፊት ያለውን «ተራህን አበድረኝ» ብሎ ይለምናል፣ የተበደረውን ደግሞ አበዳሪው በጠየቀ ቀን ሳያንገራግር ይመልሳል።

እናና በላይነሽ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፣ የእህቴ ጎረቤት። ተራ በማበደር የሚያህላቸው የለም፣ በማስመለስም እንደዚያው፣ አንዷን ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ሳለ ጠጋ ብለው «ነገ ያችን ተራዬን» አሏት ብላ ይርጋ ስትነግረኝ ስንት ስቄያለሁ። ጀሪካናቸውን ሁሉ ያውቀዋል፣ እጀታው ተሰብሮ በጠፍር የታሰረ፣ ክዳኑ ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ። በዚያው ድርቅ ታመው ሞቱ፣ ተቀበሩ፣ ቤታቸውም ተዘጋ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ጀሪካኑ ሰልፉ ላይ ቆሞ ተገኘ፣ ከሁሉም ፊት። መጀመሪያ የቀልደኛ ሥራ መሰላቸው፣ አያ ሞላ ተቆጥተው ወስደው በተዘጋው ቤት ደጅ አስቀመጡት፣ በማግስቱ ተመልሶ ከፊት ቆመ። ከዚያ ወዲያ የነካው የለም። ሳይነኩት ዙሪያውን እየዞሩ ይቀዳሉ።

እኔ የሄድኩት ይርጋ ስትወልድ ልጠይቃት ነው። ባሏ ከብቶቹን ለማጠጣት ወደ በሽሎ ወንዝ ወርዶ ገና አልተመለሰም፣ አራሷ ደግሞ ትኩሳት ይዟታል፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ አየቻትና «ውሃ አፍልታችሁ አብዝታ ትጠጣ፣ አለዚያ ጡቷም ይደርቃል፣ እሷም…» ብላ ቀሪውን ዋጠችው። በዚያ ቀን ፓምፗ የእኛ ተራ ሳይደርስ አየር መትፋት ጀመረች። ጎረቤት በኩባያ በኩባያ አዋጣልን፣ እሱም አለቀ። ሕፃኗ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች፣ ወደ ማታ ማልቀሷን ተወች።

ፀሐይ ልትገባ ስትል የነገውን ተራ ልይዝ ጀሪካናችንን ይዤ ወጣሁ። ይርጋ ብረት ካልተቀመጠልኝ ብቻዬን አልሆንም ስላለች ቢላዋ ትራሷ ስር አድርጌላት፣ በሆዴም እየሳቅሁባት ነው የሄድኩት። ሰልፉ ጋ ስደርስ ሰው የለም፣ ጀሪካኖቹ ብቻ ናቸው፣ የእኛን ከጭራው አቆምኩና ቀና ስል የእናና ጀሪካን ከፊት ቆሟል፣ ባዶውን። ንዴቴ መጣ። «እናና፣ እርስዎ ከእንግዲህ ውሃ ምን ያደርግልዎታል? ተራዎን ለእኛ አያበድሩንም?» አልኩ ጮክ ብዬ። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እልህ ነው።

ዞሬ ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ሲ…ጥ አለ። ነፋስ ነው አልኩ። ደግሞ ሲ…ጥ፣ ከዚያ ሰንሰለቱ ተንሿሿ። የውሃ ሌባ ነው ብዬ «ማነህ አንተ!» ብዬ ዞርኩ። የነፋሱ አቧራ አካባቢውን ሸፍኖታል፣ ግን እጀታው ይታየኛል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አሮጊት እንደምትቀዳው እያረፈ። የያዘው ሰው አልነበረም፣ ሙች ስላችሁ። ውሃው ባዶ ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል፣ መጀመሪያ ጎላ ብሎ፣ እየሞላ ሲሄድ እየታፈነ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ «እህህ» አለ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ነጠላዬ አጥር ላይ ቀርቷል። በሮጥኩ ቁጥር ከኋላዬ ቦጭ፣ ቦጭ ይላል፣ የሞላ ጀሪካን የተሸከመ ሰው ሲሄድ እንደሚሰማው፣ ሳይቸኩል፣ ደግሞ ሳይርቅ። ገባሁና በሩን ወርውሬ ተደገፍኩት። ድምፁ ግቢው ውስጥ ገባ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ከዚያ ዱብ አለ፣ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲያርፍ።

ይርጋ ከመደቡ ላይ ሆና፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እናና ናቸው፣ አስቀምጠው ሄዱ፣ አስገቢው እታለም» አለችኝ።

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ሕፃኗን ስመለከት ግን አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣም፣ በሩን ከፈትኩ። ጀሪካኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ቆሟል፣ ጠፍሩ ርሷል፣ ቆረቆንዳው ተወትፏል፣ ውሃው እጄን አደነዘዘው፣ በዚያ ሙቀት።

«ይሄ አይጠጣም ይርጋ፣ እደፋዋለሁ» አልኳት።

«ልጄ እየሞተችብኝ ነው» አለች። «የማንም ይሁን የማን፣ አምጪው!»

አፈላሁት። ምኑን ላባርርበት እንደሆነ እንጃ፣ ደጋግሜ አፈላሁት። ጠጣች፣ ደግማ ጠጣች፣ ላቧ መጣ፣ ጡቷም ወተት ያዘ። ሕፃኗ ጠብታ አነሰኝ ብላ ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ፈርቼ አላውቅም።

ጠዋት አያ ሞላ መጡ፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ሰዉ ከኋላቸው አጥሩ ውጭ ቆሞ ቀርቷል። ፓምፗ እንደተቆለፈች ናት አሉ፣ ቁልፉም ይኸው አንገታቸው ላይ፣ ከስሯ ግን መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ከጭራ ያቆምኩት የእኛ ጀሪካን ደግሞ ከፊት ተገኝቷል፣ የእናና ቦታ ላይ።

«አንቺ ልጅ፣ ተራ ለምነሽ ነበር?»

«ቀልዴን እኮ ነው አያ ሞላ።»

አልሳቁም። ደጃችን የቆመውን ጀሪካን ሲያዩ ቆዩና «ውሃውን ተጠቀማችሁበት?» አሉኝ።

«ልጅቷ ድናለች» አልኳቸው።

«እንግዲህ እናና የጠየቁ ቀን መመለስ ነው» ብለው ማተባቸውን ጨብጠው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከይርጋ ኋላ ተራ መያዝ የሚደፍር ሰው ጠፋ።

ዝናቡ መጣ፣ ሁሉም ተረሳ። ጀሪካኑን ግን መጣልም ማስቀመጥም ፈርተን ከጓሮ ደፍተን አስቀመጥነው። ልጅቷ አደገች፣ ትሮጣለች፣ አፏንም ፈታች፣ አክስቷን እኔን መስላ ነገረኛ ናት።

ዘንድሮ ዝናቡ እንደገና ቀረ፣ ፓምፗም እንደገና ተቆለፈች። ትናንት ይርጋ ደወለችልኝ። ባለፈው ሳምንት ጀሪካኑን ማታ ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘችው፣ ባዶውን። ገባት፣ የራሳቸውን ድርሻ ገለበጠችበት፣ ወስዳ ከሰልፉ ፊት አቆመችው፣ «እናና ተራዎን መልሻለሁ» ብላ ሰግዳ ተመለሰች። በማግስቱ ማታ ደጃፏ ላይ ነው፣ ባዶውን። ደግማ ሞላችው፣ ደግሞ መጣ። አያ ሞላም «አንድ ተራ የሚመለሰው አንዴ ነው፣ ሌላ ነገር ቢሆን ነው» ብለዋት ሄዱ።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ።

እኔ አውቄዋለሁ መሰለኝ፣ ያ ውሃ ያዳነው ማንን እንደሆነ አስታወስኩ። በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የልጅቷ ድምፅ ይሰማኛል፣ «እሺ እናና፣ እሺ» ትላለች።

«ማንን ነው የምታናግረው?»

ይርጋ ዞራ አየቻት። ከዚያ «ብቻዋን ናት፣ በሩ ጋ» አለች።

«ልጅሽን ይዘሽ ነገ ነይ፣ ሌላውን ሁሉ ተይው፣ አሁኑኑ ከበሩ አንሻት!» ብዬ ጮህኩባት። እሺ አለችኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ነው «እኛ ስንመጣ ጀሪካኑም አብሮን ቢመጣስ?» ያለችኝ። ይኸው ሥራ ፈትቼ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ እየጠበቅኋቸው ነው፣ ዓይኔ ከመኪናው መንገድ ይልቅ ደጃፌን ነው የሚያየው።