አራተኛው መልስ ለወርቅ ተራራ

ኤፊ ቡዊ መኪናዋን ከድልድዩ አጠገብ አቁማ በሩን ስትዘጋው የጁራ ደሴት በጎች በሙሉ ማመስኳታቸውን አቆሙ። ከባሕሩ ወሽመጥ ማዶ ባለችው በአይላ ደሴትም የበሩ ድምፅ ሳይሰማ አልቀረም። ዝናቡ ጎህ ሳይቀድ ነበር የጀመረው፤ ዝናብ ስል ከላይ ብቻ የሚወርደውን የዋህ ዝናብ ማለቴ አይደለም። ከጎንም ከታችም የሚመጣ፣ ኪስ ፈልጎ የሚገባ፣ የዚሁ አገር ዝናብ ነው።

«ይኸውልህ፣» አለች ድልድዩን እንደ ተሳዳቢ ሰው በጣቷ እየወጋች። «ጫማዬን አውልቄ እግሬን ያሞቅሁበት ድልድይ።»

«እኔ አላልኩም እኮ ኤፊ፣» አለ የአክስቷ ልጅ ላክላን ዳሮክ። «እኔ ላይ ምን ያስጮኽሻል?»

«ድልድዩ ላይ ነው የምጮኸው። አንተ መሀል ገብተህ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ ደሴቶች የሬዲዮ አማተሮች፣ በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር በሚነጋገሩ ሰዎች ዘንድ አንድ የከበረ ልማድ አለ። ሰው ሬዲዮውን፣ ባትሪውንና አንቴናውን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ከጫፉ ላይ ሆኖ ይጣራል፤ አራት የተለያዩ ሰዎች ካሉበት ሰምተው ከመለሱለት ተራራው የእሱ ሆኖ ይመዘገባል። ሦስት ብቻ ከመለሱለት ግን ወጥቶ ወረደ እንጂ ምንም አላደረገም። ከመኪና ውስጥ ሆኖ ተጣርቶ «ጫፉ ላይ ነበርኩ» ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ ከበግ ሌብነት ይከፋል፤ የበግ ሌባ ቢያንስ ለበጉ ሲል ይሮጣል።

ባለፈው መከር ኤፊ ቤን አን ኦርን፣ የወርቅ ተራራ የሚሉትን የጁራን አውራ፣ ብቻዋን ወጥታ በረጅሙ የሽቦ አንቴናዋ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። ካርታው ይህ ተራራ ስምንት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም ይላል። በጠራ ቀን ለክተውት ነዋ፤ በዝናብ ቀን እጥፍ ይሆናል። ታዲያ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ሰብሳቢ ዱጋልድ ሾው፣ የአይላ ሰው፣ ሻዩን እያማሰለ ተናገረ። ዳሌዋን በብረት ያስቀየረች ሴት ያን ገደል ወጣች ብሎ እንደማያምን፤ በሽቦ ከሆነ ከድልድዩም ሆኖ እስከ ሩቅ አገር እንደሚሰማ፤ መኪናዋ ውስጥ ማሞቂያውን ከፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ተደላድላ ስታወራ እንደነበር። ተራራውንም ሰረዙባት።

መሰረዙስ ይሁን። ኤፊን ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ጫማው ነው። ጫማዋን አውልቃ! እሷ፣ የአባቷን ጀልባ በማዕበል የቀዘፈች፣ በዚያች ደሴት ላይ በካልሲ የታየችበት ቀን የሌለ ሴት።

ስለዚህ ዛሬ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዳሌ፣ ልትወጣ መጥታለች። አንድ ነገር ብቻ አጉድላለች። ተራራ የሚወጣ አማተር አስቀድሞ ለወዳጆቹ ያስታውቃል፤ እነሱም በየቤታቸው ሬዲዮአቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። ኤፊ ለማንም አልተናገረችም። ወዳጆቿ ተመሳጥረው መለሱላት እንዳይባል ነው። ላክላን ሌሊቱን ለምኗት ነበር፤ እንኳን ልትሰማው ስልኩን ዘጋችበት።

ወንዙ ሞልቶ እንደ ሺ ከበሮ ይደልቃል። ዳር ዳሩን ተከትለው ከተራራው ሥር ወዳለው ሐይቅ አቀኑ። ነፋሱ ከፊት እየገፋ፣ ሁለት እርምጃ ሲራመዱ አንዱን ያስመልሳቸው ጀመር። ረግረጉ ደግሞ ላክላንን እስከ ወገቡ ዋጠው። በዚያ ረግረግ ከነሳር ክምሩ የጠፋ ጋሪ አለ ይባላል፤ እኔ ሁለት ነው የሰማሁት። ኤፊ የመውጫ ዱላዋን አቀበለችውና እየጎተተች፣ ስለ ዱጋልድ የምታወራውን ግን አላቋረጠችም።

«መጀመሪያ አውጪኝ፣» አለ ላክላን፣ ጭቃው ደረቱ ጋ ሲደርስ። «ከዚያ ታሚዋለሽ።»

አወጣችው። አንድ ቦቱን ረግረጉ አስቀረበት፤ እሱም በጉልበቱ ተንበርክኮ እስከ ትከሻው እጁን ከትቶ ፈልቅቆ አመጣው። የያዙት የአጃ ቂጣ ገንፎ ሆኖ ነበር፤ በጣታቸው ጠረጉና በሉት።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ዝናቡ ትንፋሽ ወሰደ። ኤፊ ጫፉ ላይ ከመድረሷ በፊት የአንቴናዋ ሽቦ እርጥበት እንዳልገባበት ልትፈትሽ ከአንዱ አለት ወደ ሌላው ወጠረችው። በዚያች ሰዓት ነው አንድ ፍጡር ከጉሙ ውስጥ ያገሳው። ወሩ አጋዘኖች በሴት የሚያብዱበት ወር ነበር። የወጣው አውራ አጋዘን የሚያክለው በሬ አይደለም፣ ቤት እንጂ፤ ቀንዱ ላይ የመንደሩ ልብስ ሁሉ ቢሰጣ ቦታ ይተርፍ ነበር። አንገቱ በጭቃ ጠቁሯል፤ ከአፍንጫው የሚወጣው እንፋሎት እስከ እነሱ ይደርሳል።

«አትንቀሳቀሺ፣» አለ ላክላን በሹክሹክታ።

«ሽቦዬ ላይ ቆሟል።»

«ኤፊ!»

እሷ ግን ዱላዋን ከፍ አድርጋ ሄደችበት። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ንዴት ያለባት ሴት ስትመጣ አጋዘንም ቢሆን ያውቃል መሰለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ሊወጋት ጀመረና ሐሳቡን ቀየረ። ዞረ። ሲዞር ሽቦው ቀንዱ ላይ ተጠመጠመ። አለት ለአለት እየዘለለ፣ የኤፊን ረጅም አንቴና እንደ ሙሽራ ዘርፍ ከኋላው እያስከተለ፣ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ኤፊ ያነሣችውን ዱላ ዝቅ አደረገች።

«እንግዲህ፣» አለ ላክላን፣ «ከደሴቱ ሁሉ ምርጡ አንቴና ያለው እሱ ነው።»

ኤፊ አልሳቀችም። የቀራት በኪሷ የያዘቻት የእጅ ሬዲዮ ብቻ ናት። ይቺ ዕቃ ሩቅ አገር አትደርስም፤ ዓይን ቢያይ ሊያየው የሚችለውን ስፍራ ብቻ ነው የምትደርሰው፤ መሀል ተራራ ከቆመ ድምፅዋ እዚያው ይሞታል። እንመለስ አላላትም ላክላን። ፊቷን አይቶ ሻንጣውን አነሣ።

ከሐይቁ በላይ ያለው ተራራ አይባልም። እግር ሲጫነው የሚሮጥ የድንጋይ ክምር ነው፤ አንዱ ሲንከባለል መቶ ወንድሞቹን ይጠራል። በአራት እግራቸው ወጡት። ኤፊ የብረት ዳሌዋ ሲነክሳት ጥርሷን ነክሳ መለሰችለት። አንድ ጊዜ ናዳው ይዟት ቁልቁል ሄደ፤ ላክላን የሻንጣዋን ማንገቻ ባይዝ ኖሮ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው፣ በሌላ ድምፅ፣ በቀብር ላይ ነበር የሚናገረው። ተነሥታ ጉልበቷ ላይ ያለውን ደም አየች።

«ጫማዬን አውልቄ፣» አለች፣ ወጣች።

ጫፉ ላይ ነፋሱ ሰውን እንደ ወረቀት ያነሣል። ከድንጋዩ ክምር ጥግ ተጎንብሰው ላክላን በሰውነቱ ከለላት። ሬዲዮዋን ከፍታ ስሟንና የተራራውን ስም እየጠራች ተጣራች። ዝምታ። ደግማ ተጣራች። ከኮሎንሴ ደሴት ኡና የምትባል ንብ አርቢ መለሰች፤ ኤፊ ያገኘቻት በድንገት ነው፣ ኡና ሬዲዮዋን ልታጠፋ ስትል። ቀጥሎ ከአየርላንድ ዳርቻ አንድ ዓሣ አጥማጅ። ከብዙ ጩኸት በኋላ ደግሞ ከኪንታይር መኪናውን መንገድ ዳር ያቆመ አንድ የጭነት ሾፌር። ሦስት።

ከዚያ በኋላ ምንም። ተጣራች፤ ምንም። የባትሪው ምልክት ወደ ቀይ ወረደ። ላክላን ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ እርጥብ ልብሱ ላይ ነፋሱ በረዶ እየሠራ ነው።

«የት ገቡ እነዚህ ሰዎች?» አለች ኤፊ። «አንድ ሰው እንኳ የለም እንዴ በዚህ ባሕር ላይ? በቅዳሜ ምድር ሬዲዮ ዘግቶ ምን ይሠራል ሰው?»

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፣» አለ ላክላን ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ብትነግሪያቸው ሁሉም ቁጭ ብለው ይጠብቁሽ ነበር። እንዳይረዱሽ ከልክለሽ አልረዱኝም ትያለሽ።»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ከሬዲዮው «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ፣ ሳይናገር ለቀቀው።

ሁለቱም ተያዩ። ቤቱ ከወሽመጡ ማዶ፣ ከዚህ ጫፍ ፊት ለፊት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሻይ በፊት በዚህ ሞገድ ላይ ጆሮውን የሚጥል፣ ሰምቶም ዝም የሚል ሰው አንድ ብቻ ነው።

ኤፊ ሬዲዮዋን አየችው፤ የወጣችበትን ገደልም ቁልቁል አየችው። ረግረጉን፣ አጋዘኑን፣ ናዳውን ሁሉ አልፋለች፤ እነሱ ግን የማንንም ስም ጠርታ እንድትለምን አላስገደዷትም።

«ዱጋልድ ሾው፣» አለች። «እንዳለህ አውቃለሁ። ኤፊ ነኝ። ሦስት አለኝ፣ አራተኛ የለኝም። እባክህ መልስልኝ።»

«እባክህ» የሚለው ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ላክላን መንቀጥቀጡን ረሳ።

ዝምታው ከአይላ እስከ አየርላንድ ተዘረጋ። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ኡና ነበረች። ቀጥሎ ዓሣ አጥማጁ ሳል አሰማ። ማንም ቃል አልተናገረም፤ ሰው ተሰብስቦ እየሰማ እንደሆነ ግን ዱጋልድ ገባው።

«የት ነሽ?» አለ።

«የት እንደሆንኩማ ጆሮህ ነግሮሃል። ድልድዩ ጋ ብሆን በኔና ባንተ መሀል ሙሉ ተራራ ቆሟል፤ በዚች በእጅ በምትያዝ ዕቃ አንድ ቃል አትሰማኝም ነበር። አሁን የሰማኸውን ያህል ስጠኝ። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

በእኛ ልማድ የሰማ ሰው ለሰማው ድምፅ ቁጥር ይሰጣል፤ ጥራቱን ከአምስት፣ ጉልበቱን ከዘጠኝ። በዚህ መዋሸት የለም፤ ዱጋልድም ምን ቢከፋ በቁጥር ዋሽቶ አያውቅም።

«አምስት ዘጠኝ፣» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ። «አምስት ዘጠኝ ነሽ ኤፊ። ጎኔ የተቀመጥሽ ነው የምትመስይው።»

ከድልድዩ ጀምሮ በልቧ ስትደረድረው የመጣችው ስድብ ነበር፤ ባሕሩን የሚያደርቅ ስድብ። ልትጀምረው ስትል ሰውየው ቀደማት።

«ከዚያ ላይ ምን ይታያል?» አለ። «ጉልበቴ ከተበላሸ ወዲህ አልወጣሁም። እኔ ያልቻልኩትን…» አለና ተወው።

ኤፊ ዞር ዞር ብላ አየች።

«ምንም አይታይም። ጉምና የላክላን አፍንጫ።»

ከማዶ አጭር ሳቅ መጣ። ባትሪው የመጨረሻ ጩኸቱን ጮኸ። ኤፊ ሬዲዮውን ወደ አፏ አስጠጋች።

«በስብሰባው ላይ ይህን ሰው ሁሉ ፊት ትናገራለህ። ቆመህ። እኔ በብረት ዳሌ ተራራ ወጥቻለሁ፤ አንተ በሥጋ ጉልበት ከወንበር ትነሣለህ።»

ሬዲዮው ሞተ። ይስማት አይስማት አላወቀችም። ላክላንን ክንዱን ይዛ፣ እንደ ሕፃን እያወራችለት እንዳይተኛ፣ ጉሙን እየቀደደች አወረደችው። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ በመኪናው ማሞቂያ ፊት አስቀመጠችውና በገዛ እጇ ቦቱን አወለቀችለት። የእሷን አላወለቀችም።

የማኅበሩ ስብሰባ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ እኔም ከፊተኛው ረድፍ ነበርኩ። ኤፊ ከሁሉ በፊት ተነሥታ በሚቀጥለው ወር የትኛውን ተራራ እንደምትወጣ አስታወቀች፤ እባካችሁ ጠብቁኝ አለች። ሰው ደነገጠ። ዱጋልድ ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ፣ ጽዋው ሊበሳ ደረሰ። አልሰማትም ነበር ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ በትሩን ተደግፎ፣ ጠረጴዛውን ጨብጦ፣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ መርከብ እየተንቋቋ ተነሣ። ኤፊ ቡዊ ዘንድሮም አምናም በወርቅ ተራራ ጫፍ እንደነበረች፣ አምና የተናገረው ከቅናት እንደሆነ ተናገረና ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ መስኮቶቹ ሳይሰበሩ የቀሩት በእግዜር ቸርነት ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላ የኤፊ ድምፅ መጣ።

«ጫማውስ፣ ዱጋልድ?»

ሰውየው ጣሪያውን አየ። ጠረጴዛውን እንደገና ጨበጠ። ተነሣ።

«ጫማዋንም አላወለቀችም፣» አለ።