የማይታረመው ሠንጠረዥ

የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች ስም የተለጠፈ ዕለት የትምህርት ቤት ግቢ እንደ ገበያ ይታመሳል። ተማሪው በማስታወቂያ ሰሌዳው ዙሪያ ይጋፋል። ከፊት የደረሰው ስሙን በጣቱ እየተከተለ ይፈልጋል፤ ከኋላ የቀረው «የእኔንም እይልኝ» እያለ ይጮኻል። በ2005 ዓ.ም. አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር። የዚያን ዕለት ሰዓዳ ሻፊ የምትባል ተማሪ ስሟን ብትፈልግ አጣችው። በእሷ መለያ ቁጥር ትይዩ የሰፈረው «ሰዓድ ሻፊ» የሚል ስም ነበር። ጾታ በሚለው አምድ ሥር ደግሞ «ወ» ተጽፏል።

«ሰዓዳ፣ ወንድ ሆነሻል» አለቻት አንዷ የክፍሏ ልጅ።

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ሰዓዳም አብራቸው ሳቀች። እንዲህ ያለው ነገር ወዲያው የሚታረም መስሏት ነበር።

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ መገመት አያስቸግርም። በኮምፒውተር አማርኛ የጻፈ ሁሉ እንደሚያውቀው «ዳ»ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ከተዘለለ «ድ» ሆኖ ይቀራል። መዝጋቢው ሲጣደፍ አንዷን ቁልፍ ዘለላት። ስሙን መልሶ ሲያየው የወንድ መሰለውና ጾታውንም በዚያው ሞላው። ተንኮል የለበትም፤ ማንም ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው።

ሰዓዳ ወደ ምክትል ርእሰ መምህሩ ወደ አቶ ወልደየሱስ ቢሮ ሄደች። አቶ ወልደየሱስ ክፉ ሰው አይደሉም። ተማሪ ሲታመም ራሳቸው ደግፈው ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ፣ የደሃ ልጅ ደብተር ሲያጣ ከየትም ብለው የሚያመጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን የተማሪዎች መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ አንድ መጥፎ ልማድ ይዟቸው ነበር።

«ይኸውልሽ፣ ራስሽ እዪው» ብለው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩላት።

በስክሪኑ ላይ ሰፊ ሠንጠረዥ ተዘርግቷል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ረድፍ አለው፤ በረድፉ ላይ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ጾታውና የተወለደበት ዓመት በየሳጥናቸው ተደርድረዋል። አቶ ወልደየሱስ «ሰዓድ» የሚለው ሳጥን ላይ በማውዙ ደጋግመው ጠቅ አደረጉ። ምንም አልሆነም። የቁልፍ ሰሌዳውን ነኩ። ሳጥኑ አልተለወጠም።

«አየሽ፣ ኮምፒውተሩ አይቀበልም። አንዴ የገባ ስም አይነካም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ መምህር?»

«በዚሁ ተፈተኚ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደሽ ስምሽን ማስለወጥ ትችያለሽ።»

«እኔ እኮ ስሜን አልለወጥኩም። የተለወጠው እዚህ ነው።»

አቶ ወልደየሱስ በሩ ላይ የቆመውን ተማሪ ጠሩና ሰዓዳን አሰናበቷት።

በየመሥሪያ ቤቱ «ኮምፒውተሩ አይቀበልም» የሚለውን ቃል ያልሰማ ማን አለ? የሰው ስም ሲበላሽ ሰውየው ስሙን ለመዝገቡ እንዲያስማማ እንጠይቀዋለን። እሱም ጊዜውንና ጉልበቱን ላለማባከን ሲል እሺ ይላል። የእሺታው ዋጋ የሚታወቀው ግን ቆይቶ ነው።

የሰዓዳ አባት አቶ ሻፊ በአቃቂ ገበያ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አላቸው። ልጃቸው የሆነውን ስትነግራቸው ስኳር እየመዘኑ ነበር።

«ልጄ፣ ከኮምፒውተር ጋር ክርክር የለም» አሉ። «ትልልቆቹ ሰዎች እንኳ የማይችሉትን አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ? አርፈሽ አጥኚ። ዋናው ውጤቱ ነው።»

ስኳሩን የምትገዛው የጎረቤታቸው ልጅ ፀሐይቱ ነበረች። ፀሐይቱ ከዚያው ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ተፈትናለች።

«ጋሽ ሻፊ፣ እንደሱ አይበሉ» አለች። «እኔም እንደዚሁ ተብዬ ነው ዛሬ ቤት የተቀመጥኩት።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? ውጤትሽ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር።»

«ውጤቱ ጥሩ ነው። ግን የመጣው ፀሐይ በሚል ስም ነው። ነርስነት ልማር ኮሌጅ ስሄድ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃዬ ፀሐይቱ ይላል፣ ይኼኛው ደግሞ ፀሐይ፤ የሌላ ሰው ማስረጃ ነው ብለው መለሱኝ። ኮሌጁ አሳርመሽ አምጪ ይላል፤ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሩ አይቀበልም ይላል። ጓደኞቼ ተምረው ሊያጋምሱ ነው። እኔ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እመላለሳለሁ።»

አቶ ሻፊ ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ትተው ልጃቸውን አዩ። ከዚያ በኋላ «አርፈሽ አጥኚ» አላሉም። «ይህን ነገር የሠራው ሰው ይኖራል እኮ» አሉ። «ነገ ሁለታችሁም ሂዱና ጠይቁት።»

ሠሪዋ እድላዊት ትባላለች። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ቢሮ የከፈተች፣ በሥራዋ የምትኮራ ወጣት ነበረች። ልጃገረዶቹ ሲገቡ ወንበር ሰጥታ በደንብ አዳመጠቻቸው።

«ሠንጠረዡን የዘጋሁት ሆን ብዬ ነው» አለች። «ክፍት ብተወው ማንም እየገባ ይነካካዋል። አንዱ ሳያውቅ ይሰርዛል፣ ሌላው አውቆ ይቀይራል። ትምህርት ቤቱም እንዲዘጋ ነው የፈለገው። መረጃ መጠበቅ አለበት።»

«ትክክል የገባውን ጠበቅሽው» አለች ፀሐይቱ። «ተሳስቶ የገባውንም አብረሽ ጠበቅሽልን። እኔን ከትምህርት ያስቀረኝ የአንቺ ጥበቃ ነው።»

ፀሐይቱ ሁለቱን ማስረጃዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። እድላዊት ሥራዋን እስከዚያ ቀን ድረስ ከስክሪኑ ወዲህ ብቻ ነበር የምታውቀው። ከስክሪኑ ወዲያ የአንዲት ልጅ ዓመት እንደባከነ አላየችም። ደግሞም በአንድ ነገር ራሷን ማታለል አልቻለችም። የሚታረም ሠንጠረዥ መሥራት አድካሚ ነው። ሳጥኑ መቼ እንደሚከፈት፣ ምን እንደሚቀበል፣ የተሳሳተ ሰው እንዴት እንደሚመለስ አንድ በአንድ ማሰብ ይጠይቃል። የተዘጋ ሠንጠረዥ ግን ቶሎ ያልቃል። እሷም ጥድፊያዋን ጥንቃቄ ብላ ጠርታው ነበር።

«ዝርዝሩ ፈተናውን ወደሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት የሚላከው መቼ ነው?» ስትል ጠየቀች።

«በሳምንቱ መጨረሻ» አለች ሰዓዳ።

በማግሥቱ እድላዊት ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዳ ሠንጠረዡን ከፈተችው። አቶ ወልደየሱስ እያመነቱ «ሰዓድ» የሚለውን ሳጥን ጠቅ ሲያደርጉ ሳጥኑ ተከፈተ። «ሰዓዳ» ብለው ጻፉ፤ ጾታውንም አረሙ። ሁሉም ደስ አላቸው። ሠንጠረዡን ዘግተው ዝርዝሩን አተሙና ለጠፉት።

ብዙም ሳይቆይ በቀለ ዘአማኑኤል የሚባል ተማሪ ቢሮው ድረስ መጣ።

«መምህር፣ እኔ ሰዓዳ ዘአማኑኤል ሆኛለሁ። ሴት ነህም ይላል።»

ሰዓዳም ተከትላው ገባች። የእሷ ስም እንደ ድሮው «ሰዓድ» ነው።

እድላዊት ነገሩ ወዲያው ገባት። አቶ ወልደየሱስ ስሙን በቀላሉ ለማግኘት ዝርዝሩን በፊደል ተራ አሰልፈውት ነበር። ፕሮግራሙ ግን ተማሪውን የሚያውቀው በመጀመሪያው ምዝገባ በቆመበት ስፍራ ነው። ሰልፉ ሲቀያየር እርማቱ በዚያ ስፍራ የተመዘገበው ሌላ ተማሪ ላይ ዐረፈ።

«ያልኩት አልቀረም» አሉ አቶ ወልደየሱስ። «አንዷን ስናድን ሌላውን ገደልን። እባክሽ መልሰሽ ዝጊው።»

እድላዊት አፈረች። እውነትም መዝጋት አማራት። ቢዘጋ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ልትቀመጥ ስትል በቀለ ጣልቃ ገባ።

«ኧረ እንዳትዘጊው እህቴ። አሁን ከተዘጋ እኔ ሰዓዳ ሆኜ ልቀር ነው።»

ሰዓዳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አቶ ወልደየሱስም ላለመሳቅ ታግለው ተሸነፉ። ሳቁ ሲበርድ ግን የልጁ ነገር ልባቸው ውስጥ ቀረ። በሩን መዝጋት፣ ውስጥ ያለውን ሰው እንደማያድነው በቀለ በራሱ ላይ በደረሰው አሳያቸው።

«ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ከእኔ ጋር ተቀምጣችሁ የምትሞክሩልኝ ከሆነ ይደርሳል። ብቻዬን ቢሮዬ ሆኜ ከሠራሁት ግን ሌላ ስህተት ይዤ ነው የምመጣው።»

እንዳለችውም አደረጉ። እድላዊት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሥራዋን ዘረጋች። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ተማሪን በሰልፍ ቦታው ሳይሆን በማይለዋወጠው መለያ ቁጥሩ እንዲያውቀው አደረገች። ዝርዝሩ ቢገለባበጥም እርማቱ ባለቤቱን አይስትም። ሰዓዳና በቀለ እየተፈራረቁ ሞከሩላት፤ ብዙ ጉድም አወጡ። በቀለ ስሙን ሲጽፍ «እቀለ» ሆኖ ወጣ፤ የመጀመሪያዋ ቁልፍ ሳጥኑን ስትከፍት እዚያው ተውጣ ትቀር ነበር። እድላዊት ያንንም አቃናች። ጾታ በጽሑፍ መሞላቱ ቀርቶ ከሁለት አንዱን መምረጥ ሆነ። አዲሱ ጽሑፍ እስኪጸድቅ ድረስ የድሮው ከሥሩ ይታያል፤ የተሳሳተ ሰው አንድ ቁልፍ ነክቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

«ማንም ይነካካዋል ብለን የዘጋነውስ?» አሉ አቶ ወልደየሱስ።

«ማን እንዳረመው፣ መቼ እንዳረመው፣ በምን ማስረጃ እንዳረመው ተመዝግቦ ይቀራል» አለች። «የነካው ሰው ይታወቃል።»

አቶ ወልደየሱስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያልተጠየቁትን አደረጉ። የሰዓዳ ብቻ ተስተካክሎ እንዲያበቃ አልፈለጉም። ተፈታኞች በሙሉ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃቸውን ይዘው፣ በየክፍላቸው ተራ እየገቡ፣ ረድፋቸውን በዓይናቸው እንዲያዩ አዘዙ።

የመጀመሪያዋ ገቢ ሰዓዳ ነበረች። አቶ ወልደየሱስ ማስረጃዋን አይተው በራሳቸው እጅ «ሰዓዳ» ብለው ጻፉ።

«ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው መምህር።»

አጸደቁት፤ የበቀለንም ስምና ጾታ ወደ ቦታው መለሱ። እድላዊት ዝርዝሩን በፊደል ተራ አሰለፈችው፤ በዕድሜ አሰለፈችው፤ እንደገና በመጀመሪያው ምዝገባ መለሰችው። ሰዓዳ በሁሉም ቦታ ሰዓዳ፣ በቀለም በሁሉም ቦታ በቀለ ነበሩ። በመስኮት ሲያዩ የነበሩ ተማሪዎች አጨበጨቡ።

የቀረው ተማሪ ሲገባ የወጣው ስህተት ግን ሁሉንም አስደነገጠ። የአያቱ ስም በአባቱ ቦታ የገባ ነበር። ፊደል የጎደለባት ነበረች። የአንዱ ልጅ የትውልድ ዓመት ከአቶ ወልደየሱስ የሚበልጥ ሽማግሌ አድርጎታል። አብዛኞቹ ስህተቱን ሰሌዳው ላይ አይተውት «አይቀበልም» ስለተባለ ዝም ብለው የሄዱ ናቸው። ዝርዝሩ በቀኑ ሲላክ እያንዳንዱ ተፈታኝ ስሙን አይቶ «የእኔ ነው» ያለበት ነበር።

ያለፈው ዓመት መዝገብም ተከፈተ። የፀሐይቱ ስም ታረመ፤ ምን የነበረው በምን ማስረጃ ምን እንደሆነ ከነታሪኩ ታትሞ ከትምህርት ቤቱ ማረጋገጫ ጋር ተሰጣት። ማስረጃዋ ተስተካክሎ ወጣላትና ኮሌጁ ለሚቀጥለው ዙር መዘገባት። የባከነው ዓመት አልተመለሰም፤ የነርስነት ደንብ ልብሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሳ በሰፈሩ ስታልፍ ግን አቶ ሻፊ ከሱቃቸው ወጥተው አጨበጨቡላት።

አቶ ወልደየሱስ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ኮምፒውተሩ አይቀበልም ስል የነበረው እኔ አልቀበልም ማለቴ ነበር። የማሽን ስም እየጠራሁ ከኃላፊነቴ እሸሽ ነበር። ይህ ቃል ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቢሮ አይነገርም።» የብዙዎቹ መምህራን እጅ ወጣ። ለካስ እያንዳንዳቸው የተበላሸ ስም ይዘው የኖሩበት አንድ ወረቀት ነበራቸው።

በፈተናው ጠዋት አቶ ሻፊ ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸውን እስከ በሩ ሸኙ። ፈታኙ ተማሪዎቹን እየጠራ ያስገባል። «ሰዓዳ ሻፊ፣ ሴት» ሲል ሰዓዳ ቀና ብላ ገባች። አቶ ሻፊ አጠገባቸው ለቆመው ለማያውቁት ሰው «የእኔ ልጅ ናት» አሉት። ሰውየው ሳይገባው እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው።

ፕሮግራም የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሥራችሁ ሲያምር የሰው ልጅ የሚሳሳት መሆኑን አትርሱ፤ የሚመለስበትን መንገድ አብራችሁ ሥሩለት። ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጣችሁም፣ ከፊታችሁ የቆመ ሰው «ስሜ ተሳስቷል» ቢላችሁ ስክሪኑን ከማሳየታችሁ በፊት ማስረጃውን ተቀበሉትና አንብቡት።