ክዳኑ አይከፈትም

ልጆች፣ ሶልቢ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በኮሪያ ገጠር፣ ከሩዝ ማሳ ዳር ነው። እልኸኛ ነበረች፤ «አትንኪ» ካሏት እጇን ይበላታል። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ልጅ የለም አይደል? እኔም የለም ብዬ ነው።

ሶልቢ የምትወዳት ጥቁር ዶሮ ነበረቻት። በዚያ ዓመት ሽለምጥማጥ በላባት። የዶሮዋ ሁለት እንቁላሎች ብቻ ተረፉ። አያቷ ከሌሎቹ እንቁላሎች ጋር መፈልፈያው ማሽን ውስጥ አስቀመጡላት፤ ሶልቢም በየቀኑ ታገላብጣቸው ነበር። መፈልፈያቸው ሲቃረብ አያቷ ውሃ ጨመሩና የመስታወት ክዳኑን ገጠሙት።

«ከእንግዲህ ማገላበጥም መክፈትም የለም። እርጥበቱ ከወጣ ጫጩቱ እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ይደርቃል» አሏት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከጥቁሯ እንቁላሎች አንዱ ተሰንጥቆ አገኘችው። በቀዳዳው ትንሽ ምንቃር ትታያለች። ጫጩቱ ጲው ጲው አለና ዝም አለ። ከምሳ በኋላም ያው ነው።

«አያቴ፣ ደክሞታል። ከማሽኑ ላውጣው።»

«እያረፈ ነው፣ ተዪው።»

«ዛሬ የተማርነው የተቸገረን እርዱ የሚል ነው። ወይስ መምህራችን ዋሽታለች?»

«መርዳት ማለት መንካት ነው ያለሽ ማነው? ይሄ ምላስሽ ከጫጩቱ ምንቃር ይሾላል» አሉና አያቷ ወደ ጓሮ ወጡ።

ሶልቢ ተናደደች። «አሳያቸዋለሁ» አለች በልቧ። ክዳኑን ከፈተች። ሞቃት እንፋሎት ፊቷን መታው። እንቁላሉን አነሳችና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። አሁን የት ታስቀምጠው?

የቤታቸው ወለል፣ እንደ ኮሪያ ቤቶች ልማድ፣ ከሥር ይሞቃል። አያቷ ከሥራ አምሽቶ ለሚመጣው ለአባቷ የሩዙን ሳህን ከድነው፣ በሚሞቀው ጥግ ብርድ ልብስ ያለብሱለታል። «ሩዝ የማይቀዘቅዝበት ቦታ ጫጩት አይበርደውም» አለችና እንቁላሉን ከሳህኑ አጠገብ ሸጎጠችው።

አባቷ መጣ። አያቷ ሩዙን ሊያወጡ ብርድ ልብሱን ሲገልጡ እንቁላሉን አዩት። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እንደ ወረቀት ደርቆ ጫጩቱ ላይ ተጣብቋል። በለብታ ውሃ አረጠቡት፣ በትንፋሻቸው አሞቁት። አልተንቀሳቀሰም።

«ወለሉ ሞቃት ነበር እኮ» አለች ሶልቢ።

«ሞቃትማ ነበር። እርጥበት ግን የለውም።»

«እኔ ልረዳው ብዬ ነው።»

አያቷ አልተቆጡም። እንቁላሉን በጨርቅ ጠቀለሉት። ያኔ ሶልቢ አለቀሰች። «ልረዳው አልነበረም። እርስዎን ላሸንፍ ነበር» አለች። ተንበርክካ እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ አያቷን።

በማግስቱ ሁለተኛው እንቁላል ተሰነጠቀ። ይኸኛውም ጲው አለና ዝም አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ክዋክ ሊጠይቁ መጥተው አዩት።

«ይሄማ ታፍኗል። እስቲ ከፈት እናድርግለት» ብለው እጃቸውን ሰነዘሩ።

ሶልቢ ሁለት መዳፎቿን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። «አይከፈትም።»

«አንቺ ልጅ፣ ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከፈለጉ ይቆጡኝ። ግን አይከፈትም።»

አያቷ ከወጥ ቤት ሳቁ። «አቶ ክዋክ፣ አይድከሙ። እኔም አልቻልኳት።»

ሽማግሌው አጉረመረሙና ተቀመጡ። ጫጩቱ እንደገና ሲጮህ ሶልቢ ወደ ክዳኑ ጠጋ አለች፤ ግን አላነሳችውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅርፊቱ ተከፈለና እርጥብ ጥቁር ጫጩት ተንከባለለ። ላባው እስኪደርቅ ድረስም አልከፈተችም። ከዚያ በኋላ አያቷ ራሳቸው «በይ አሁን ክፈቺው» አሏት።

ልጆች፣ እልኽ ካላችሁ ትእዛዝ ለማፍረስ ሳይሆን ትእዛዝ ለመጠበቅ እልኸኛ ሁኑ።